የትንንሽ ከተሞች ፍሳሽና ፎስፈረስ፦ ገደቡ በኪሎ ይቆጠር

ሰው በምግብ የወሰደው ፎስፈረስ ሰውነቱ ውስጥ አይከማችም። ዕድገቱን የጨረሰ ሰው የበላውን ያህል በሽንትና በሰገራ መልሶ ያወጣዋል። መጠኑን ለመገመት ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም። ሰውየው በቀን የሚበላውን ጠቅላላ ፕሮቲንና ከዚያ ውስጥ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚያገኘውን ደምሮ በ0.011 ማባዛት ለዕቅድ የሚበቃ ግምት ይሰጣል። በቀን 60 ግራም ፕሮቲን የሚበላ፣ ከዚህም 50 ግራሙን ከጤፍ፣ ከበቆሎና ከሽሮ የሚያገኝ ሰው ድምሩ 110 ነው፤ በ0.011 ሲባዛ 1.2 ግራም ፎስፈረስ ይሆናል።

5,000 ሰው የሚኖርባት ከተማ እንግዲህ በቀን 6 ኪሎ፣ በዓመት 2,190 ኪሎ ፎስፈረስ ታወጣለች። ገበሬው የሚገዛው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ከመቶው 38 እጅ ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ ነው። ይህ ወደ ንጹህ ፎስፈረስ ሲቀየር በኩንታል 16.6 ኪሎ ይመጣል። የከተማዋ የዓመት ፍሳሽ ወደ 132 ኩንታል ኤንፒኤስ ያህል ፎስፈረስ ይዟል ማለት ነው። ያ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ ተጭኖ የመጣ ነው። ስለ ፍሳሽ ገደብ፣ ማለትም ወደ ወንዝ በሚለቀቅ ፍሳሽ ውስጥ ስንት ፎስፈረስ እንደሚፈቀድ ስናወራ ይህ ቁጥር ከፊታችን ሊጠፋ አይገባም፤ ወንዙ ውስጥ የሚያጠፋውና ማሳው ላይ የጎደለው አንድ ነገር ነውና።

ክርክሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከሚሊግራም በሊትር ነው። «ገደቡ 1 ይሁን ወይስ 2?» ይባላል። ያቺው ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 60 ሊትር ፍሳሽ ብታወጣ በቀን 300 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ፎስፈረሱም 20 ሚሊግራም በሊትር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ፍሳሹ 40 ሊትር ቢሆን ደግሞ ያው 6 ኪሎ በ200 ሜትር ኩብ ተበጥብጦ 30 ሚሊግራም ይሆናል። በሰው በቀን 200 ሊትር በሚፈስበት አገር 6 ብቻ ይሆን ነበር። የሰዉ ቁጥርም የፎስፈረሱ ኪሎም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ውሃው ነው። ገደቡን በሚሊግራም ብቻ የጻፈ መሥሪያ ቤት ውሃ የቆጠበውን ሰፈር ቀጥቶ፣ ፍሳሹን በንጹህ ውሃ ያቀጠነውን ይሸልማል።

ወደ ጣና ወይስ ወደ በረሃው?

ጎጃም ውስጥ ሁለት ተፋሰስ አለ፤ ሁለቱ በአንድ ገደብ መዳኘት የለባቸውም። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ዳንግላን፣ ዱርቤቴንና መራዊን የመሳሰሉ ከተሞች ያሉበትን አገር ውሃ እየሰበሰበ ጣና ይገባል። ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ሞጣና ቢቸና ደግሞ ወንዞቻቸው በጨሞጋና በመሰሎቹ በኩል ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳሉ።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ይዞ አማካይ ጥልቀቱ 9 ሜትር እንኳ በቅጡ የማይሞላ ሐይቅ ነው። ነፋስ ባናወጠው ቁጥር ከወለሉ ያለው ደለል ይነሳል። የገባበት ፎስፈረስ በአንድ ክረምት ጎርፍ ታጥቦ አይወጣም፤ ደለል ውስጥ ተቀምጦ እየቆየ ይመለሳል። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ገበሬውም ዓሣ አስጋሪውም ያየውን መከራ ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም። እርግጥ ነው፣ ወደ ጣና ከሚገባው ፎስፈረስ ብዙው በክረምት ጎርፍ ከታጠበ አፈር ጋር ተጣብቆ የሚመጣ ነው። ፍሳሽን ብቻ በማጣራት ጣና ይድናል የሚል ሰው ያታልላል። ነገር ግን ከአፈር ጋር የተጣበቀው ፎስፈረስ ገሚሱ ለአልጌና ለእምቦጭ በቀላሉ አይገኝም። የፍሳሹ ግን አብዛኛው የሟሟ ኦርቶፎስፌት (ተክል በቀጥታ የሚወስደው የፎስፈረስ መልክ፣ ባጭሩ ፎስፌት) ነው፤ በገባበት ቀን የሚበላ። በዚያ ላይ በበጋ፣ ጎርፍ በሌለበት ጊዜም ሳያቋርጥ ይገባል።

ሐይቅ በአማካይ በሊትር 0.035 ሚሊግራም ጠቅላላ ፎስፈረስ ሲያልፍ በንጥረ ነገር የተጨናነቀ ወደሚባለው ደረጃ ይገባል። ከማዝቀጫ ገንዳ በኋላ 5 ኪሎ የቀረውን የከተማችንን ፍሳሽ በማቅጠን ብቻ ወደዚህ ቁጥር ለማውረድ በቀን ወደ 143,000 ሜትር ኩብ ንጹህ ውሃ ያስፈልጋል፤ በሰከንድ 1,650 ሊትር። ፍሳሹ ወደ 1 ሚሊግራም ቢወርድ እንኳ በሰከንድ 100 ሊትር ይጠይቃል። በሚያዝያ አንድ የከተማ ጅረት ይህን ያህል ይወርዳል ወይ? ድልድዩ ሥር ቆሞ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል።

ስለዚህ በጣና ወገን የሚቆጠረው የዓመቱ ጠቅላላ ኪሎ ነው፤ በክረምት ተለቀቀ በበጋ፣ ሐይቁ ተቀብሎ ያስቀምጠዋል። በዓባይ ወገን ግን ትልቁ ጉዳት ከጥር እስከ ግንቦት፣ ወንዙ በቀጠነበት ወራት፣ ከብት በሚጠጣበትና ልብስ በሚታጠብበት ቦታ ላይ ነው። በክረምቱ ሙላት የሚለቀቀው ያን ያህል አይጎዳም፤ ምንም እንኳ ከታች የሕዳሴው ግድብ ውሃ ተኝቶ የሚጠብቅ መሆኑን መርሳት ባይገባም።

የሚቀዳው ገደብ ለማን ተጻፈ?

በየፕሮጀክት ሰነዱ ላይ የሚገለበጠው «1 ወይም 2 ሚሊግራም» የመጣው ከአውሮፓ ማኅበረሰብ የ1991 (እ.ኤ.አ.) የከተማ ፍሳሽ መመሪያ ነው። እዚያ ላይ 2 ሚሊግራም የተጻፈው ከ10,000 እስከ 100,000 ሰው ለሚያገለግል፣ 1 ሚሊግራም ደግሞ ከ100,000 በላይ ለሆነ ጣቢያ ነው፤ ያውም ፍሳሹ ለብክለት ተጋላጭ ተብሎ ወደተለየ ውሃ የሚገባ ከሆነ። በአማራጭም ከገባው ፎስፈረስ 80 በመቶውን ማስቀረት ይፈቅዳል። ከ10,000 ሰው በታች ለሆነ ከተማ ያ መመሪያ የፎስፈረስ ቁጥር አላስቀመጠም። የ5,000 ሰው ከተማን በ1 ሚሊግራም የሚያስገድድ ሰነድ ከምንጩ የከበደ ገደብ ጭኗል ማለት ነው፤ ምናልባትም ሳያውቅ።

ይህን የምንለው ገደብ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው ደረጃውን አልፎ አካባቢን እንዳይበክል ከልክሏል፤ ትንሽ ከተማም ከዚህ አያመልጥም። ነገር ግን ሊጠበቅ የማይችል ገደብ ከተጻፈ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው፣ ውድ ማሽን ይገዛል፤ መብራት በጠፋ ቁጥርም ይቆማል። ሁለተኛው፣ ናሙናው በሚመች ሰዓት እየተቀዳ ወረቀቱ ብቻ ንጹህ ይሆናል።

ያለን ግንባታ ምን ያህል ይይዛል?

በጎጃም ትንንሽ ከተሞች የፍሳሽ መስመር ያለው ቤት ጥቂት ነው። ማጣሪያ ያለው ብዙውን ጊዜ ተቋም ነው፦ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታል፣ ማረሚያ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም። ቀሪው ሰው ጉድጓድ ወይም ሴፕቲክ ታንክ ይጠቀማል፤ ሲሞላ በመጣጭ መኪና ይነሳል።

ሴፕቲክ ታንክ ከፎስፈረሱ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ቢይዝ ነው፤ እሱም ሰገራው ስለዘቀጠ ብቻ። ያ ዝቃጭ ለዓመታት ሳይነሳ ከቆየ እየበሰበሰ የያዘውን መልሶ ይለቃል። የኦክሲዴሽን ኩሬዎች (ፍሳሹ ጸሐይ ላይ ለቀናት የሚቆይባቸው ክፍት ኩሬዎች) ከዚህ ይሻላሉ። ጸሐይ ሲበረታ አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚመጥጠው ከሰዓት በኋላ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ 7 መካከለኛ ነው) ከ9 ያልፋል፤ ያን ጊዜ ፎስፌቱ ከካልሲየም ጋር ተያይዞ ይዘቅጣል። ግን በደመናማው ክረምት ይህ ይዳከማል፤ አልጌውም ራሱ ከኩሬው ሲወጣ ፎስፈረስ ይዞ ነው የሚወጣው። በሊትር 100 ሚሊግራም አልጌ ያለው ውሃ በአልጌው ብቻ ወደ 1 ሚሊግራም ፎስፈረስ ተሸክሟል።

ሸምበቆና ፊላ የተተከለበት የጠጠር ማጣሪያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያስደስት ውጤት ይሰጣል፤ ምስጋናው ለጠጠሩ እንጂ ለሸምበቆው አይደለም። የጠጠሩ ገጽ ሲሞላ ያበቃለታል። ሸምበቆውን ማጨድ የሚያወጣው ከሚገባው ፎስፈረስ ጥቂቱን ነው፤ ካልታጨደ ደግሞ ያው እዚያው ወድቆ ይበሰብሳል። ቀይ አፈር ወይም ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ከተደባለቀበት ብረቱና አልሙኒየሙ ፎስፌቱን ጥሩ አድርገው ይይዙታል። እዚህ ላይ ብዙ ንድፍ የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ብረት ፎስፌትን የሚይዘው አየር እስካለ ድረስ ነው። ማጣሪያው ሌት ተቀን በውሃ ተሞልቶ አየር ካጣ ብረቱ ይሟሟል፤ የያዘውንም ይለቃል። ስለዚህ ቀይ አፈር ያለበት ማጣሪያ ውሃው ከላይ በየተራ የሚፈስበትና በመሃል የሚተነፍስ መሆን አለበት፤ ለምሳሌ ሁለት መደብ ሠርቶ አንዱ ሲጠጣ አንዱን ማሳረፍ።

በባክቴሪያ ፎስፈረስን የሚያስወግደው ዘመናዊ ዘዴስ? አየር የሌለበትና አየር ያለበት ገንዳ በሰዓቱ የሚፈራረቅ፣ ፓምፕና ነፋሽ የማይቆምበት፣ የሠለጠነ ሰው ሁልጊዜ የሚጠብቀው ሥርዓት ይፈልጋል። ለ5,000 ሰው ከተማ አንመክረውም።

በጋውን ለመሬቱ

ከሁሉም የሚረክሰውና የሚጠቅመው መንገድ ፎስፈረሱን ከውሃው መለየት ሳይሆን ውሃውን ከነፎስፈረሱ ወደ ማሳ መውሰድ ነው። የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፤ ገበሬው የበተነውን ማዳበሪያ አፈሩ «ይበላበታል»። ይህ ለገበሬው ችግር የሆነው ጠባይ ለፍሳሽ ግን ጥሩ ማጣሪያ ነው። ዋልካ መሬት ለዚህ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ፍሳሹ በስንጥቁ ሳይጣራ ይወርዳል፣ ሲርስ ደግሞ ውሃ ይተኛበታል።

ስፋቱ ላይ ግን ጥንቃቄ ይሻል። በውሃ ብቻ ካሰላነው በበጋ አንድ ማሳ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ 300 ሜትር ኩብ እንግዲህ 6 ሄክታር ያጠጣል። ብዙ ንድፍ እዚህ ላይ ይቆማል። ፎስፈረሱን አስሉት፦ በቀን 5 ኪሎ በ240 የበጋ ቀን 1,200 ኪሎ፣ በ6 ሄክታር ላይ 200 ኪሎ በሄክታር። ይህ በሄክታር አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ ከሚሰጠው 12 እጥፍ ነው። ናይትሮጅኑ የባሰ ነው። ያው 5,000 ሰው በቀን 39 ኪሎ ናይትሮጅን ያወጣል፤ ግማሹ ኩሬ ላይ በነነ ቢባል እንኳ ለ6 ሄክታር በበጋው ወደ 780 ኪሎ በሄክታር ይደርሳል። ሰብል የማይጨርሰው ናይትሬት ወደ ታች ሰርጎ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ይገባል።

48 ሄክታር ላይ ሲዘረጋ ግን ፎስፈረሱ 25 ኪሎ፣ ናይትሮጅኑ 100 ኪሎ በሄክታር ይሆናል፤ ለሰብል የሚመጥን መጠን ነው። ለዚህ ስፋት ፍሳሹ ብቻውን ስለማይበቃ አንድ እጅ ፍሳሽ ከሰባት እጅ የመስኖ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። የመስኖ ቦይ ባለበት አካባቢ ይህ ከባድ አይደለም፤ የፍሳሹን ቧንቧ ከቦዩ ራስ ላይ ማስገባትና መክፈቻውን መቆጣጠር ነው። ቦዩ ግን ከዚያ በታች ለመጠጥም ለዕቃ ማጠቢያም እንዳይውል ሆኖ መታጠር አለበት። ቦይ ከሌለ ባሕር ዛፍ ወይም በፋግታ ለኮማ ገበሬው ለከሰል የሚያለማው ዲከረንስ የተባለ የግራር ዓይነት ያለበትን መሬት በየበጋው እየቀያየሩ ማጠጣት ነው፤ አንዱ ማሳ ሁለት ተከታታይ በጋ እንዳይጠጣ።

ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ካሮት በዚህ ውሃ አይለሙ። በቆሎ፣ ስንዴ፣ የመኖ ሳርና ዛፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2006 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ በመስኖ ውሃ ውስጥ የአንጀት ትላትል ዕንቁላል በሊትር ከ1 እንዳይበልጥ ይላል፤ ይህን የሚያመጣው ዕንቁላሉ እንዲዘቅጥ ኩሬ ውስጥ በቂ ቀን መቆየቱ ነው። ከመጣጭ መኪና የሚገኘው ዝቃጭ ደግሞ በደጋው ቅዝቃዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ደርቆ ሳይቆይ ማሳ ላይ አይወጣ። በቆላው፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ በሆነበት፣ ከአንድ ዓመት በላይ ይበቃል። የአስካሪስ ዕንቁላል ጽኑ ነው፤ የደረቀ ስለመሰለ ብቻ አልሞተም።

ማሳው ከሸለቆ አፍ ይራቅ፤ እርከን ይኑረው። አፈሩ የያዘው ፎስፈረስ ከአፈሩ ጋር ከታጠበ ጉዞው ያው ወደ ጣና ነው።

ክረምቱን ለአልሙኒየም ሰልፌት

ከሰኔ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ መሬቱ ውሃ አይፈልግም። ማጠራቀም ይቻላል፤ 120 ቀን በ300 ሜትር ኩብ 36,000 ሜትር ኩብ ነው። ኩሬው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻውን ወደ አንድ ሜትር ስለሚጨምር ቦታው ጥልቅ መሆን አለበት። ቦታ ከሌለና ከተማዋ በጣና ወገን ከሆነች በእነዚህ አራት ወራት ብቻ ኬሚካል መጨመር ያዋጣል።

የውሃ አገልግሎት ባለሙያ አልሙኒየም ሰልፌትን በደንብ ያውቀዋል፤ የመጠጥ ውሃ የሚጣራበት ነው፣ አዋሽ መልካሳ ላይም ይመረታል። ብረት ክሎራይድም ይሠራል። ዝቃጩ ኩሬ ወለል ላይ ለወራት የሚተኛ ከሆነ ግን ቀደም ሲል ባልነው ምክንያት ብረቱ አየር ሲያጣ ፎስፌቱን ይለቃል፤ አልሙኒየም አይለቅም። ኖራ ፒኤቹን ከ10 በላይ ለማድረስ የሚፈጀው ብዛትና የሚፈጥረው ዝቃጭ ለትንሽ ጣቢያ ይከብዳል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ለ1 ግራም ፎስፈረስ በኬሚስትሪው 0.87 ግራም አልሙኒየም ይበቃል፤ በተግባር ወደ 1 ሚሊግራም ለመውረድ እጥፉ፣ 1.74 ግራም ይያዝ። ለ5 ኪሎ ፎስፈረስ 8.7 ኪሎ አልሙኒየም። ከረጢቱ ላይ የአልሙኒየም ኦክሳይድ መጠን ይጻፋል፤ በ0.53 ሲባዛ የአልሙኒየሙን መጠን ይሰጣል። 17 በመቶ ካለው 9 በመቶ አልሙኒየም ነው፤ ስለዚህ በቀን ወደ 96 ኪሎ፣ በአጭሩ አንድ ኩንታል። ዓመቱን ሙሉ ቢሆን 365 ኩንታል ነበር፤ አራቱን ወር ብቻ ሲሆን 120። በጋውን ለመሬት መስጠት ለበጀትም ምን እንደሚያተርፍ እዚህ ላይ ይታያል።

ይህ ግን ግምት ነው፤ ቁርጡ የሚታወቀው በጃር ቴስት ነው። 10 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ይሟሟል፤ ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ፍሳሽ ላይ 10 ሚሊግራም በሊትር ነው። በስድስት የአንድ ሊትር ዕቃ ፍሳሽ ሞልቶ 15፣ 20፣ 25፣ 30፣ 35 እና 40 ሚሊ ሊትር መጨመር። አንድ ደቂቃ በኃይል፣ 15 ደቂቃ በጣም በዝግታ ማማሰል፣ ግማሽ ሰዓት ማስቀመጥ፣ ከላይ ያለውን ቀድቶ መለካት። ከእያንዳንዱ ዕቃ ፒኤችም ይለካ፤ ከ6 እስከ 7 መካከል መሆን አለበት። አየር የሚነፋበት ጣቢያ ናይትሬት ስለሚፈጥር የውሃው አሲድ የመቋቋም ኃይል ቀድሞ ተበልቶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፒኤቹ ከ5.5 በታች ይወርድና አልሙኒየሙ ራሱ ሟሙቶ ይወጣል። ከአልጌ ኩሬ የሚወጣ ውሃ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፒኤቹ 9 በሆነ ጊዜ ከተጨመረ ኬሚካሉ ፒኤች በማውረድ ላይ ይባክናል። ጠዋት፣ ጸሐይ ሳይበረታ የተሠራ ጃር ቴስትና ከሰዓት የተሠራ ጃር ቴስት የሚሰጡት ልክ የተለያየ መሆኑ ሊያስደንቅ አይገባም።

መጨመሪያው ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ሁለት ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲፈስ አንዱ ይበጠበጣል። ሮቶው በውሃ እስከ ግማሽ ይሞላል፣ ባለ 50 ኪሎ ሁለት ከረጢት ቀስ እያለ ይገባል፣ በእንጨት መቅዘፊያ ግማሽ ሰዓት ይማሰላል፣ ከዚያ እስከ አፉ ይሞላል። ይህ 10 በመቶ ድፍድፍ ነው። መውጫው ከሮቶው ወለል 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ያልሟሟው ጭቃ ቧንቧውን የሚደፍነው ከሥር ሲቀዳ ነው። ከሮቶው በታች ተንሳፋፊ ቫልቭ ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ገንዳ ትቀመጥ፤ ሮቶው ሞልቶም ጎድሎም ፍሰቱ አንድ ዓይነት እንዲሆን የምታደርገው እሷ ናት። ቧንቧው፣ ቫልቩ፣ ተንሳፋፊው ሁሉ ፕላስቲክ ይሁን፤ ድፍድፉ አሲድ ነው፣ ብረትና ናስ ይበላል፣ የተንጠባጠበበትን ሲሚንቶም ያፈርሳል። የሚበጠብጠው ሰው ጓንት፣ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ያድርግ።

በቀን 960 ሊትር ድፍድፍ ማለት በደቂቃ 0.67 ሊትር ነው፤ የአንድ ሊትር ጆግ በ90 ሰከንድ መሙላት አለበት። ኦፕሬተሩ ጠዋትና ማታ ጆጉን ደቅኖ በሰዓት ይለካ። 60 ሰከንድ ከሆነ በዝቷል፤ 150 ከሆነ ተደፍኗል።

የሚጨመርበት ቦታ ውሃው ከፍ ካለ ቦታ የሚወድቅበት፣ የሚናወጥበት ይሁን። ረጋ ባለ ገንዳ ላይ የተንጠባጠበ ኬሚካል ሳይቀላቀል ወደ ሥር ይወርዳል፤ ግማሹ ከንቱ ነው። ከዚያ 4 ሜትር ኩብ ያህል በሚይዝ በግድግዳ በተከፋፈለ ገንዳ 20 ደቂቃ በዝግታ ይዙር፤ ከዚያ ወደ 25 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ማዝቀጫ ይግባ። ከማዝቀጫው በቀን 32 ኪሎ ያህል የኬሚካል ዝቃጭ (ሲደርቅ የሚመዝን) ይጠበቃል። በ1 በመቶ ጥጥረት (ከመቶው አንዱ ብቻ ደረቅ፣ ቀሪው ውሃ ሲሆን) በቀን 3.2 ሜትር ኩብ ስለሆነ ክረምቱን በሙሉ ወደ 385 ሜትር ኩብ ቦታ ይፈልጋል። በክረምት ማድረቂያ መደብ ላይ ማውጣት ዝናብ ላይ ማውጣት ነው፤ እስከ ኅዳር የሚያቆየው ጉድጓድ አስቀድሞ ይቆፈር።

ልኬቱ

ቤተ ሙከራ የሰጠው ቁጥር «ፎስፌት» ነው ወይስ «ፎስፈረስ»? ፎስፌት ከሆነ በ3.07 ይካፈል። 6 ሚሊግራም ፎስፌት 2 ሚሊግራም ፎስፈረስ ብቻ ነው። ይህን ያልለየ ሪፖርት አንድን ጣቢያ ያለ ጥፋቱ ያስቀጣል፤ በተቃራኒው ሲሆንም ጥፋተኛውን ያስመልጣል።

ናሙናው በሁለት ይከፈል። አንዱ እዚያው በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ይጣራና የሟሟው ይለካበታል፤ ሌላው ሳይጣራ በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ወርዶ ለጠቅላላው ይቀመጣል። ሁለቱም በረዶ ውስጥ ይጓዙ። ጠርሙሱ በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይታጠብ፤ በዱቄት ሳሙና የታጠበ ጠርሙስ የራሱን ፎስፌት ይጨምራል። ሰማያዊ ቀለም የሚያወጣው የሞሊብዴት ዘዴ እስከ 1 ወይም 2 ሚሊግራም ነው በትክክል የሚያነበው፤ ጥሬ ፍሳሽ ከሆነ 5 ሚሊ ሊትሩ ወደ 100 ይቅጠን። ኬሚካል የተጨመረበት ውሃ ሳይጣራ በዚህ ዘዴ ከተለካ የመለኪያው አሲድ የተንሳፈፈውን ዝቃጭ አሟሙቶ «የሟሟ» ያስመስለዋል።

ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲታዩ በሽታውን ይናገራሉ። የሟሟው 0.3፣ ጠቅላላው 1.5 ከሆነ ኬሚካል መጨመር ከንቱ ነው፤ ችግሩ ማዝቀጫው ነው። የኬሚካል ዝቃጭ ከመቶው 15 ያህሉ ፎስፈረስ ስለሆነ በሊትር 8 ሚሊግራም ዝቃጭ ማምለጡ ብቻውን 1.2 ሚሊግራም ነው። ዝቃጩ በጊዜው ይነሳ፤ የመውጫው ከንፈር ተስተካክሎ እንደሆነ በውሃ ልክ ይታይ። የሟሟው ራሱ 2 ከሆነ ግን ልኩ፣ ቅልቅሉ ወይም ፒኤቹ ይመርመር።

እንግዲህ የክልሉ አካባቢ ጥበቃና የከተማው ውሃ አገልግሎት ለ5,000 ሰው ከተማ ፈቃድ ሲጽፉ በጣና ወገን ከሆነ በዓመት ከፍተኛው ኪሎ ይቀመጥ፤ ከ2,190ው 80 በመቶው ቢቀር 438 ኪሎ ማለት ነው። በዓባይ ወገን ከሆነ ከጥር እስከ ግንቦት ወደ ወንዝ ምንም አይለቀቅ ማለት ይቀላል፤ ለመቆጣጠርም ቀላል ነው፣ ቧንቧው ደረቅ ነው ወይስ አይደለም። ናሙናው ለ24 ሰዓት በየሁለት ሰዓቱ እየተቀዳ የተቀላቀለ ይሁን፤ በወር አንዴ ይበቃል። ወደ ማሳ የሄደው ውሃና ዝቃጭ ከኪሎው ይቀነስ፤ ማሳው ግን በስም ተለይቶ፣ ስፋቱ ተለክቶ፣ የተዘራው ተጽፎ። ፍሰቱም ይለካ፤ ባለ 90 ዲግሪ የሦስት ማዕዘን መለኪያ ሳንቃ መውጫ ቦይ ላይ ቢገጠም የውሃውን ቁመት በማስመሪያ አንብቦ ከሠንጠረዥ ማውጣት ይቻላል። ፍሰት ያልተለካበት ሚሊግራም ኪሎ አይሆንም።